ጋሽ እርማትና የግራዋው ገጽ

ጋሽ ዘለቀ ማረፋቸውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ወደ ቤት ስመጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ጋሽ እርማት አረፉ» አለችኝ። «ሐሙስ ጠዋት ነው። ተኝተው ቀሩ፤ አስታማሚ እንኳ ሳያስቸግሩ።» ከዚያ እንባዋን ጠረገችና፣ «መቶ ዓመት ሳይሞላኝ ንቅንቅ አልልም ብለው አልነበር?» አለች። ሞታቸው ካሳዘናት ይልቅ ቃላቸውን አለመጠበቃቸው የገረማት ትመስል ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ የዕድሩ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከራከራሉ።

«ያን ሁሉ ዱባ በልተው በሰባ አንድ ዓመታቸው?» አሉ ጡረተኛው ሹፌር ጋሽ ቦጋለ።

«ዱባው ባይኖር ስልሳም አይደርሱም ነበር» አለ አጠገባቸው የተቀመጠው ጎረቤት።

«እኔ ጥፋቱን የማየው ውሃው ላይ ነው። እህል ሲበሉ ውሃ አለመጠጣት ምን የሚሉት ነገር ነው?»

ጋሽ ዘለቀ ቢሰሙ ደስ ባላቸው ነበር። በሕይወት ሳሉ ስለ ምግብ ይህን ያህል ጊዜ ሳይሰለች ያወራላቸው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ዘለቀ ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ራሰ በራ ሰው ነበሩ። ከኮታቸው የላይኛው ኪስ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ ቀይ እስክሪብቶና እርሳስ።

«ቀዩ ላወቅኩት ነው» ይሉኝ ነበር። «ስህተት መሆኑን እርግጠኛ ከሆንኩ በቀይ እሰርዛለሁ። ካጠራጠረኝ ግን በእርሳስ ዳር ላይ ጽፌ ደራሲውን እጠይቃለሁ። የሰው ጽሑፍ ነዋ! ደራሲው ሳይፈቅድ አራሚ አይሰርዝም።»

ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚያርሙት ስላጡ ሰፈሩን ማረም ጀመሩ። «ጋሽ እርማት» የተባሉትም ለዚህ ነው። አንድ ቀን የቀበሌው ሱቅ በር ላይ «ስኳር የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ፣ ወረፋው እስከ ቧንቧው ድረስ ተሰልፎ ሲያጉረመርም ደረሱ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩት። ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ጨመሩበትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ስኳሩስ?» ብለው ሴቶቹ ጮኹባቸው።

«እሱ የእኔ ሥራ አይደለም» አሉ።

ያን ጊዜ ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ። መልሳቸውን በኋላ ደጋግሜ አስታውሼዋለሁ።

ፊደል ከማረም ቀጥሎ የሚወዱት ጤናን ነበር። በሥራ ዘመናቸው በእጃቸው ያለፉትን ስለ ምግብና ስለ ጤና የሚያወሩ ጽሑፎች ሁሉ አንብበዋቸዋል፤ የባልትና መጻሕፍቱን፣ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙትን የአመጋገብ መምሪያዎች፣ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ የሚወጡትን ምክሮች። በማተሚያ ቤቱ ተበላሽተው የሚጣሉ ወረቀቶችንም እየለቀሙ ወደ ቤታቸው ያመጡ ነበር። አልጋቸው ሥር ሦስት ካርቶን ሙሉ ነበራቸው። አንድ ነገር ሲናገሩ «ማን አለ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው።

«ተጽፎ አይቻለሁ።»

አንድ ጉርሻ ሠላሳ ሁለት ጊዜ መታኘክ አለበት፤ በጥርሳችን ቁጥር ልክ። ይህንን በእርግጥ ይፈጽሙት ነበር። በታላቅ እህቴ ሠርግ ላይ ሌላው እንግዳ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጭፈራ ሲጀምር እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አሥራ ዘጠነኛውን እየቆጠሩ ነበር። አክስቴ ሳታውቅ ሌላ ጉርሻ ይዛ አፋቸው ላይ ብትደርስ እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተው አስቆሟት። ቀይ ስር ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል። ባቄላ ቅርጹ ኩላሊት ስለሚመስል ለኩላሊት ነው። ካሮት አግድም ሲቆረጥ መሐሉ ዓይን ይመስላል፤ ስለዚህ ለዓይን ነው። ዱባ ለራስ ፀጉር ነው። ይህን የመጨረሻውን ለስድስት ዓመት ሞክረውታል። እናቴ አንድ ጊዜ፣ «ጋሽ ዘለቀ፣ ዱባው ራሱ እኮ ፀጉር የለውም» ብትላቸው፣ ለረጅም ጊዜ አሰቡና፣ «እሱ ላይ የተጻፈ ነገር አላየሁም» አሏት።

ከምሳ በኋላ ደግሞ ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት የኋሊት ይወጡት ነበር። ዳገት የኋሊት መውጣት ምግብ ያንሸራሽራል ይላሉ። ሰው ፊት ለፊት የሚያዩት ካለፉት በኋላ ስለሆነ ሰላምታም የሚሰጡት ያኔ ነው። አህያ ሲመጣባቸው ልጆቹ «ጋሼ፣ ወደ ቀኝ!» እያሉ ይመሯቸዋል።

በቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት ሲከፈት ጋሽ ዘለቀ በፈቃዳቸው አስተማሪ ሆኑ። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ጎበዟ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነበሩ። እትዬ ብርቄ ለሸማኔዎች ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ምላሳቸው ፈጣን ሴት ናቸው። ስኳር በሽታ ስላለባቸው በየቀኑ መርፌያቸውን ራሳቸው ይወጋሉ። የመድኃኒቱን ጠርሙስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው እንዲቀዘቅዝ እንስራው ሥር ያስቀምጡታል። ማንበብ ሲችሉ ዓለም ተከፈተላቸው። የሳሙና መጠቅለያ ያነባሉ፤ የክብሪት ቀፎ ያነባሉ፤ ያነበቡትን ሁሉ ያምናሉ። ያ ሁሉ ዓመት ሰዎች በአፋቸው ሲያታልሏቸው ኖረዋልና፣ በወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር እንዴት ሊዋሽ እንደሚችል አይገባቸውም ነበር።

«አሁን ተማሪዎቼ ፊደሉን ጨረሱ» አሉኝ ጋሽ ዘለቀ አንድ ቅዳሜ። «የሚያነቡት ግን የላቸውም። ስለዚህ መጽሐፍ ጽፌላቸዋለሁ።»

የመጽሐፉ ስም «ጤና ከማጀት» ነበር፤ አሥራ ስድስት ገጽ። ሦስቱን ካርቶን አራግፈው ያወጡት ነው። የሚባዛው በቀበሌው ማባዣ ስለሆነ የሊቀመንበሩ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ ካኪ ለብሶ የሚውል፣ ጠረጴዛ እየመታ የሚናገር ወጣት ነው። እኔም አብሬያቸው ሄጄ ነበር።

«ጓድ ዘለቀ» አለ ገጾቹን እያገላበጠ፤ «ይህ መጽሐፍ የመደብ ጥያቄን የሚያነሳው የት ላይ ነው?»

ጋሽ ዘለቀ ትንሽ አሰቡ። «ገጽ ሦስት ላይ በየቀኑ ሥጋ የሚበላ ሰው ሪህ ይይዘዋል ይላል።»

«መልካም! ባላባቱን ማለት ነው።»

«ማንም ቢሆን ይይዘዋል።»

«ባላባቱን ነው» አለ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መትቶ። «ቀይ ስሩም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይምጣ። ሌላው... እ... ሳይንሳዊ መሆኑን ማን ያረጋግጣል?»

ጋሽ ዘለቀ ዞር ብለው አዩኝ። ሊቀመንበሩም አየኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ እስከዚያ ቀን የተማርኩት ዋና ነገር የመስታወት ቱቦ ሳይሰበር እንዴት እንደሚታጠብ ነው።

«የእኛዋ ምሁር አለች አይደል?» አሉ ጋሽ ዘለቀ በኩራት።

መቅድሙን እንድጽፍ ተወሰነ። ረቂቁን ቤቴ ወስጄ በጥንቃቄ አነበብኩት። አንድ የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም። ገጽ ዘጠኝ ላይ ግን ቆምኩ። መራራ ጣፋጭን ያሸንፋል፤ ስለዚህ ግራዋ ስኳርን ከደም ያባርራል ይላል። ከዚያም ይቀጥላል፦ «የግራዋ ቅጠል ጭማቂ በየማለዳው ለአንድ ወር የጠጣ የስኳር በሽተኛ መርፌ አያስፈልገውም።»

በማግሥቱ፣ «ጋሽዬ፣ ይሄ መርፌ አያስፈልገውም የሚለው... ማለቴ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አልኳቸው።

«ተጽፎ አይቻለሁ» አሉኝ።

ከልጅነቴ ጀምረው እርሳስ የሚሰጡኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው። ፊታቸው በደስታ በርቷል። እኔም ደስ እንዲላቸው ፈለግሁ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ተማሪ የሆንኩ እኔ ትዕግሥት፣ በዚህ መጽሐፍ የሰፈረው ሁሉ ሳይንሳዊ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ ስሜን ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ማኅተም መታበት። ሃምሳ ቅጂ ተባዛ።

እትዬ ብርቄ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው የሆነውን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ለማንበብ አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። ገጽ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ መርፌያቸውን ቀቅለው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ግራዋ መጭመቅ ጀመሩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደ ቤት ስመጣ ጋሽ ዘለቀ ከበር ላይ ተቀበሉኝ።

«አሥራ ሦስት ቀን ያለ መርፌ!» አሉኝ ጣታቸውን አንስተው።

እትዬ ብርቄ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። ውሃ በቆርቆሮ ኩባያ ደጋግመው ይጠጣሉ። «መራራነቱ ነፍስን ያስወጣል» አሉኝ፤ «ግን አንቺ ራስሽ አረጋግጠሽ የለ?» እኔም ፈገግ አልኩ። ጎበዝ ነዎት አልኳቸው። ይህንን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ብያለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ብርቄ ጥጣቸው ላይ ወድቀው ተገኙ። አራት ሰዎች በአልጋቸው ተሸክመው እስከ አስፋልቱ አወረዷቸው። ጋሽ ዘለቀ የአልጋውን አንድ እግር ይዘው ቁልቁለቱን ይሮጣሉ። ወደ ፊት ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ቀን ተጨነቅን። በሦስተኛው ቀን እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ የተናገሩት፣ «ጥጤን ማን ረገጠው?» የሚል ነበር። ይተርፋሉ ማለት ነው። እናቴ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝናት።

አንዲት ቆፍጣና ሲስተር ካርዳቸውን ይዛ መጣች። «መርፌውን ማን ነው ያስቆመዎት?»

እትዬ ብርቄ ትራሳቸው ሥር እጃቸውን ሰደዱና መጽሐፉን አወጡ። «ተጽፏል» አሉ።

ሲስተሯ ገጽ ዘጠኝን አነበበች። መቅድሙንም አነበበች። «ትዕግሥት የምትባለዋ ማን ናት? ዶክተር ናት?»

አፌን ስከፍት ጋሽ ዘለቀ ቀደሙኝ። «መጽሐፉ የእኔ ነው» አሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።

«ለመሆኑ ከመባዛቱ በፊት ያየው ሰው አለ?»

«ሠላሳ ዓመት አራሚ ነበርኩ። አንድ ፊደል አልሳትኩም።»

«ፊደሉስ ጥሩ ነው» አለች ሲስተሯ። «የሳቱት መርፌዋን ነው።»

ጋሽ ዘለቀ ኮፍያቸውን ይዘው ወጡ። ያን ዕለት ከሆስፒታሉ በር ላይ ዳቦ ገዝቼ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አኝከው ዋጡት።

ወደ ቤት ስንመለስ ካርቶኖቹን ጎትተው አንድ የቆሸሸ ወረቀት አወጡና ሰጡኝ። የአንድ የአመጋገብ መጽሐፍ የሙከራ እትም ገጽ ነው። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የግራዋ ቅጠል ጭማቂ በየማለዳው ለአንድ ወር የጠጣ የስኳር በሽተኛ መርፌ»። እዚያ ላይ ገጹ አልቋል።

«ቀጣዩስ?» አልኳቸው።

«ቀጣዩ ገጽ አልነበረኝም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ዐረፍተ ነገር ሳያልቅ መተው አይሆንልኝም፤ ልማድ ነው። ስለዚህ እኔው ጨረስኩት።»

«ምን ሊል ይችል ነበር?»

«‘መርፌ መወጋቱን እንዳያቋርጥ’ ሊልም ይችላል።» ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉ። «ለነገሩ ቀጣዩ ገጽ ቢኖረኝስ? ጻፈ እንጂ ደራሲው ራሱ ማንን ጠይቆ እንደጻፈ በምን አውቃለሁ? እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያየሁት ፊደሉን ነው።»

በማግሥቱ የእርማት ገጽ ለማባዛት ቀበሌ ሄዱ። ሊቀመንበሩ ወረቀት አልሰጥም አላቸው። ቀበሌው ማኅተም መቶ ያባዛው መጽሐፍ ተሳስቷል ከተባለ ቀበሌው ተሳስቷል ማለት ነው፤ ቀበሌው ደግሞ አይሳሳትም። ጋሽ ዘለቀ አልተከራከሩም። ቀይ እስክሪብቷቸውንና እርሳሳቸውን ይዘው ሃምሳውን ቤት በእግራቸው ለማዳረስ ተነሡ።

ገጽ ዘጠኝን በሁሉም ቅጂ ላይ በቀይ ሰረዙት። ከሥሩም እንደ ፊደል ገበታው ባሉ ትልልቅ ፊደላት፣ «ይህ ስህተት ነው። መርፌ አታቁሙ። ሐኪም ጠይቁ።» ብለው ጻፉበት። ግን እዚያ አላቆሙም። ስለ ቀይ ስሩም፣ ስለ ባቄላውም፣ ስለ ዱባውም ዳር ዳሩን በቀይ «አላውቅም» እያሉ ጻፉ። የከበዳቸው መጻፉ ሳይሆን ባለቤቶቹ ነበሩ።

«ቀይ ስሬን እንዳይነኩብኝ!» ብለው ጋሽ ቦጋለ መጽሐፋቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። «ለእኔ ሠርቷል። ደሜ ሞልቷል።»

«በምን አወቁ?»

«በገጽ አንድ ላይ ተጽፏል!»

«የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ፤ ቦጋለ!»

«ታዲያ ያኔ ያውቁ ነበር፤ አሁን አርጅተው ጠፋብዎት!»

ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነው ያስፈቀዷቸው። የኋሊት ጉዞውን ግን አልሰረዙትም። «ይሄኛው ከአህያ በቀር ማንንም አላስቸገረም» አሉኝ።

ከእርማቱ በኋላ አንድ ቅዳሜ በራችን ላይ አስቆሙኝ። «ያንቺንስ መቅድም ምን እናድርገው?» አሉኝ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመስግኖኝ ነበር። እናቴ በየቤቱ አውርታው ነበር። «ፈተና አለብኝ ጋሽዬ» አልኳቸው። «ከፈተና በኋላ እናየዋለን።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ፈተናውም አለፈ፤ ፋሲካም አለፈ። ደግመው አልጠየቁኝም። በመጨረሻ ራሳቸው ሰርዘውልኛል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ብርቄ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉንጫቸው ሞላ ብሏል። መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ያስኬዳሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገጹ መቅድሜ ነበር። አንድም ቀይ መስመር የለበትም። ዳሩ ላይ ግን በእርሳስ፣ በጣም በቀጭኑ የተጻፈ ነገር አለ፦ «ለደራሲዋ፦ ይሰረዝ?»

ጋሽ ቦጋለና ጎረቤታቸው ለክርክሩ ማስረጃ መጽሐፋቸውን ይዘው መጥተው ነበርና፣ የጋሽ ቦጋለን ለምኜ ገለጥኩት። እዚያም አለ። ከጎረቤታቸውም ተቀበልኩ። እዚያም በእርሳስ ተጽፏል፦ «ለደራሲዋ፦ ይሰረዝ?» ሃምሳውም ቤት ጠይቀውኝ ነበር።

«ምን ብለው ነው የሚጠይቁሽ?» አሉኝ እትዬ ብርቄ። አንብበውታል፤ ከአፌ ሊሰሙት ፈልገው ነው።

ነገርኳቸው።

«ታዲያ መልሺላቸዋ! ሰው ጠይቆ እስከ መቼ ይጠብቃል?» እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ሰደዱና የጋሽ ዘለቀን ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። «ረቡዕ ጽሕፈቴን ሲያርሙልኝ እኔ ዘንድ ረስተውት ሄዱ። ያወቁትን በቀይ አይደል የሚሉት?»

«አረጋግጣለሁ» የሚለውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዝኩት። ከእርሳሱ ጥያቄ ሥር «ይሰረዝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበት። እትዬ ብርቄ መጽሐፉን ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ፊደል በፊደል አነበቡት።

«ይ... ሰ... ረዝ። አሁን ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

ቀና ብለው በጥርጣሬ አዩኝ። «አረጋግጠሻል?»

«ይህቺን እንኳ አረጋግጫለሁ» አልኳቸው። እስክሪብቶውን ይዤ ወደ ጋሽ ቦጋለ ዞርኩ። የመለስኩላቸውን መጽሐፍ ከጀርባቸው ደብቀውት ነበር።